ከኮርቢት የማይወጣው ልጅ

በኮርቢት ሰው ሲሞት ፓስተር ኖልት ከሚያዘንበው ውዳሴ ሁሉ የሚበልጠው አንድ ነው። «ወንድማችን» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚህ አውራጃ ውጭ ያደረው ጦር ሠራዊት የጠራው ጊዜ ብቻ ነበር።» ያኔ በመቃብሩ ዙሪያ የቆመው ሕዝብ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሴቶቹ መሐረብ ያወጣሉ። ሟቹ ሰካራም ይሁን፣ ሚስቱን ሲያስለቅስ ይኑር፣ የጎረቤቱን አጥር ይግፋ፣ ግድ የለንም። አልሄደም፤ ጽድቁ ይኸው ነው። አንድን ልጅ መርገም የፈለግን እንደሆነ ደግሞ «መንገድ መንገዱን ያያል» እንላለን። ካንሳስ ሜዳ ስለሆነች መንገዱ እስከ ሰማይ ዳርቻ ወለል ብሎ ይታያል፤ ላለማየት ነው ጥረት የሚያስፈልገው።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው ባለፈው ሐምሌ የደረሰብን ጉድ ያለዚያ ስለማይገባችሁ ነው። እኔ ሎርና ስታኪ እባላለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ቢጫ አውቶቡስ እነዳለሁ። የከተማውን ልጆች ንፍጣቸው ሳይደርቅ ጀምሮ አመላልሻለሁ፤ ዛሬ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚያልፉኝን ወላጆቻቸውንም ቢሆን። አውቶቡስ ላይ ማን እንደሚያስመልሰው የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ ማንንም ጌታ ብሎ አይፈራም።

ጉዱ ስለ ሁለት ልጆች ነው። አንደኛው ብራንትሊ ኦስትራንደር ነው፤ በግንቦት ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ። ክንዱን እግዜር ሲሠራው ጊዜ ነበረው። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ አታያትም፤ ተቀባዩ ጓንት ውስጥ ጧ ስትል ነው መድረሷን የምታውቀው። አባቱ ጊል ትራክተር ይሸጣል፤ የከተማው ምክር ቤት ሊቀ መንበርም እሱ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ባይወረውርም ኖሮ እናጨበጭብለት ነበር።

ሁለተኛው የኔው ሮይስ ነው። የሟች ወንድሜ ልጅ ነው፤ ወንድሜና ሚስቱ በመኪና አደጋ ሲሞቱ በስድስት ዓመቱ ጥርሱ ወልቆ እጄ ላይ ወደቀ፤ አሁን ሃያ ሁለት ሞላው። ተቀባይ ነው፤ ከዱላ መቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው። ኮርቢት አይወደውም። ምክንያቱም ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው አሠልጣኝ ፒትሪ የእህቱን ልጅ፣ ኳስ በመጣ ቁጥር ዓይኑን የሚጨፍነውን፣ በሱ ቦታ አስቀመጠ። ሮይስም ጓንቱን ይዞ ጠላታችን ወደሆነችው ጎረቤት ከተማ፣ ወደ ሃስኬት፣ ተዛወረ። በዚያው ጸደይ ሃስኬት መጥታ በገዛ ሜዳችን ላይ አሸነፈችን፤ የመጨረሻዋን ኳስ የመታውም ሮይስ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቬርና ቁርስ ቤት ሲገባ ቡናው ቀዝቅዞ እንቁላሉ አርሮ ነው የሚቀርብለት። ቬርና ደግሞ እንቁላል ማሳረር የማትችል ሴት ናት፤ ሆን ብላ ነው።

ትልልቆቹ ክለቦች በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከመላ አገሪቱ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ ይመርጣሉ። ክለብ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ከሁለተኛ ደረጃ የወጣ ልጅ ተመርጦ «ይቅርብኝ፣ ኮሌጅ እገባለሁ» ያለ እንደሆነ ተራው ባዶ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ መልማዮቻቸው ከተማ ለከተማ እየዞሩ የልጁን ክንድ ካዩ በኋላ ሰፈሩን ይጠይቃሉ። ብንጠራው ይመጣል ወይ? ነገሩ ሁሉ ይቺ ናት። ብራንትሊን ዩኒቨርሲቲ እየጠበቀው ስለነበር ጥያቄው የግድ ነበር። ሮይስ ግን ኮሌጁን ጨርሷል፤ ይህ የመጨረሻ ዕድሉ ነው። ካልተመረጠ ኳስ አበቃለት፤ የእህል ጎተራው ኃላፊ አካፋ ይዞ ይጠብቀዋል።

በሚያዝያ ወደኛ የመጣው መልማይ ሚስተር ፔንድሪ ይባላል። ቀጭን ነው፤ የሳር ባርኔጣ ያደርጋል፤ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ልጣጩን በወረቀት ኩባያ ውስጥ ይተፋል። የብራንትሊን ውርወራ በጊል የትራክተር መጋዘን ውስጥ ቆሞ አየ። የሚቀበልለት ከኮሌጁ ብቅ ያለው ሮይስ ነበር፤ የፒትሪ የእህት ልጅማ ከመጀመሪያዋ ኳስ በኋላ እጁን በረዶ ውስጥ ነክሮ ቀርቷል። ሚስተር ፔንድሪ ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ቬርና ጋ ገባ። እኔ ጥግ ላይ ቁርሴን እየበላሁ ነበር።

«ይሄ ብራንትሊ እንዴት ያለ ልጅ ነው?» አላት።

«ወይ ሚስተር ፔንድሪ! መልአክ ነው እንጂ ልጅ ነው እንዴ!»

«ክለባችን ቢጠራው ይመጣል?»

«የት?»

«መጀመሪያ ፍሎሪዳ።»

ቬርና የቡና ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ብራንትሊ? ኧረ ይተዉ! ያ ልጅ ከኮርቢት ንቅንቅ አይልም። እንደ አንዳንዱ መንገድ መንገዱን የሚያይ መሰለዎት?»

ልጁን ልታሞግሰው ነው። ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የላትም። ሚስተር ፔንድሪ ልጣጩን ትፍ አለና «ገባኝ» አላት።

በዚያ ሳምንት የኮርቢት ሰው ተሰልፎ ልጁን አሞገሰው። ፓስተር ኖልት «ለዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ እጅ ጨብጦ ቃል ሰጥቷል፤ በኛ ዘንድ የተጨበጠ እጅ አይፈታም» አለው። አሠልጣኝ ፒትሪ «ሚሊዮን ቢያፈሱለት ዞር ብሎ አያይም» አለው። እናቱ ማርሊስ የቼሪ ኬክ ቆርሳ አቀረበችለትና «ልብሱን እስከዛሬ የማጥብለት እኔ ነኝ፤ ከራሱ አልጋ ሌላ እንቅልፍ አይወስደውም። ልጅ ሆኖ ካምፕ ልከነው በሦስተኛው ቀን እኔው ሄጄ አመጣሁት» ብላ ዓይኗን በመሐረብ ጠራረገች። ጊልማ ጊል ነው። ከጠረጴዛው ኋላ ተነሥቶ በመስኮቱ ማሳውን እያሳየ «ኦስትራንደር ከዚህ መሬት የሚነሣው በሣጥን ነው» አለው። ከዚያም ሁሉም ቬርና ጋ ተገናኝተው «እኔ ያልኩትን ብትሰሙ» እየተባባሉ ቀኑን ሙሉ ሲኩራሩ ዋሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚለውን ያስታወሰ አልነበረም።

ሰውየው ስለ ተቀባዩም መጠየቁ ማንንም አላስጨነቀም።

«ሮይስን ነው?» አለች ቬርና። «ትኬት ቆርጠው ይስጡትና ይዩ! ሻንጣውን እንኳ ሳይዝ ነው የሚሮጥልዎት።»

«እዚህ የሚይዘው ሰው የለም?»

«ማን ይይዘዋል? እንኳን ልንይዘው ሙዚቃ አስከትለን እንሸኘዋለን!» ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ አላልኳችሁም? በኮርቢት ሐሜት የሚነገረው ዘመድ እየሰማ ነው፤ ከኋላው መናገር ነውር ነው።

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ፔንድሪ ወደኔ መጣ። ልጆቹ እስኪለቀቁ አውቶቡሱን አቁሜ ተቀምጬ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ በደረጃው ላይ አንድ እግሩን አሳረፈ።

«ሚስ ስታኪ፣ የሮይስ አክስት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ብንጠራው የሚያስቀረው ነገር ይኖራል?»

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ያ ልጅ ክረምት በመጣ ቁጥር እኔ ሳልነቃ ተነሥቶ የአውቶቡሱን መስተዋት ከበረዶ ይፍቃል። ኮሌጁ ቅርብ አይደለም፤ ቢሆንም ሐሙስ ሐሙስ እየነዳ መጥቶ ራት አብሮኝ ይበላና ተመልሶ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ታምሜ ሁለት ጨዋታ ትቶ አጠገቤ ተቀምጧል፤ አሠልጣኙ ሊያባርረው ነበር። የሚይዘው ነገርማ አለ። የሚይዘው እኔ ነኝ። ይህን ባልኩ ደግሞ ሰውየው ባርኔጣውን አድርጎ ይሄዳል፤ ልጄም ዕድሜ ልኩን አቧራ ሲዝቅ ይኖራል፤ ሲሞትም ፓስተር ኖልት ያመሰግነዋል።

«ማንም የለም» አልኩ።

«እርስዎስ?»

«እኔ? እሱ ከወጣ ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ምግብ ያድርልኛል።»

ሰውየው አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወረደ። እኔ ደወሉ እስኪደወል ድረስ መሪውን ጨብጬ ቆየሁ።

ሐምሌ ሲደርስ ኮርቢት አበደች። ጊል ምክር ቤቱን ሰብስቦ የከተማውን የውሃ ጋን፣ ያን ከሩቅ የሚታየውን ረጅሙን፣ ምርጫው ገና ሳይደርስ አስቀባው። «የብራንትሊ ኦስትራንደር አገር» ይላል በሰማያዊ። ቀቢው ከሃስኬት ነበር የመጣው፤ መሰላሉ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። «ቢመረጥ ነው ወይስ ባይመረጥም?» ብሎ ጠየቀኝ በዚያ ሳልፍ። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚሉት ነው፤ የኛይቱ ላም ደግሞ በእውነትም ሰማይ ላይ ተሰቅላ ወጪ ወራጁ ያያታል። ማርሊስ የአልጋ ልብስ የሚያህል ኬክ አስጋገረች። «እንኳን ደስ ያለህ ከ» ይልና የክለቡ ስም የሚገባበት ቦታ ባዶ ተትቷል፣ ከታች «ብራንትሊ» ተብሎ በስኳር ተጽፏል፤ ስሙ በተጠራ ደቂቃ ጋጋሪዋ በክሬም ልትሞላው መጭመቂያዋን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

እሑድ መላው ከተማ ትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ውስጥ ታጨቀ። መኪና ማቆሚያ ስለጠፋ ከአውደ ርእይ ሜዳ ሰው እንዳመላልስ ጊል አዘዘኝ። ውስጥ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል፤ ጠረጴዛ ላይ የክለቦቹ ሁሉ ቆቦች ተደርድረዋል፤ ብራንትሊ የተጠራበትን አንሥቶ ሊያደርግ ነው። ልጁ ክራቫት ታንቆ መሐል ተቀምጧል። ስም በተጠራ ቁጥር ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል፤ ስሙ የሌላ ልጅ ሲሆን ሁሉም ይተነፍሳል፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት የማናውቃት እናት ልጇን እያቀፈች ታለቅሳለች። መጀመሪያ እያጨበጨብንላቸው ነበር። ቆይቶ ማጨብጨቡን ተውን። አመሻሹ ላይ ቬርና «ይቺ ደግሞ ምን ያስለቅሳታል!» ማለት ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን አለቀ፤ የተጠበሰው የአሳማ ሥጋ አለቀ፤ የብራንትሊ ስም አልተጠራም።

ፀሐይ ስትጠልቅ አውቶቡሱ ባዶ ነው ብዬ ሳልፍ ብራንትሊ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚቀመጥበት ነው።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ሚስ ሎርና፣ እኔ እኮ መሄድ ነው የምፈልገው።»

«ወደ ቤት?»

«ወደ የትም! ፍሎሪዳ። አሪዞና። የትም ይሁን። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ቤታችን አጠገብ ነው፤ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ልትወስድልኝ ተስማምታለች።»

«ታዲያ ለመልማዩ ይሄን ነግረኸዋል?»

«ማን አናገረኝ? ጥያቄ ሲመጣ አባዬ ነው የሚመልሰው። አፌን ስከፍት ‹ልጁ ዓይን አፋር ነው› ይላል።»

ለዚያ ልጅ የዚያን ቀን አዘንኩለት። ክራቫቱን ፈታሁለትና ቤቱ ድረስ ብቻውን በዚያ ሁሉ ወንበር ይዤው ሄድኩ።

በማግሥቱ ጂምናዚየሙ ግማሹ ባዶ ነበር። በሁለተኛው ቀን እናት የለም፣ እቅፍ የለም፤ ስም ብቻ ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነባበረ በድምፅ ማጉያው የሚወርደው። እኔ ጆሮዬን የምሰጠው ለሌላ ስም ነበር። ሮይስ ግን ጠዋት የሥራ ቦት ጫማውን አድርጎ ከቤት ወጥቷል። «ትናንት ያልሆነ ዛሬ አይሆንም አክስቴ፤ ጎተራው የሰው እጥረት አለበት» ብሎኝ ነው። የሚሠራው ከመሬት በታች ካለው የእህል ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እዚያ እንኳን ስልክ የእግዜርም ድምፅ አይደርስም።

እኩለ ቀን ላይ ጊል አልቻለም። ፊቱ ቀልቶ መድረክ ላይ ወጣ። «ወገኖቼ» አለ፣ «የከተማችን ስም ተደፍሯል። ለምን እንደሆነ ከሰውየው አፍ ትሰማላችሁ።» ሚስተር ፔንድሪን ደወለለትና ስልኩን ማይክሮፎኑ አፍ ላይ ደቀነው።

«ሚስተር ፔንድሪ፣ መላው ኮርቢት እየሰማዎት ነው። የልጄ ክንድ ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለው» አለ ድምፁ ከአራቱም ማዕዘን። «እንደሱ ያለ ክንድ ባለፉት ዓመታት አላየሁም።»

«ይኸው! ሰማችሁ? ታዲያ ለምን አትጠሩትም?»

«አይመጣማ።»

«ማነው አይመጣም ያለው?»

«እናንተ።»

የሱፍ ፍሬ ሲቆረጠም በድምፅ ማጉያው ይሰማል።

«የቁርስ ቤቷ ባለቤት ንቅንቅ አይልም አሉኝ። ፓስተሩ የተጨበጠ እጅ አይፈታም አሉኝ። አሠልጣኙ ሚሊዮን ቢፈስ ዞር ብሎ አያይም አሉኝ። ወይዘሮ ኦስትራንደር፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፣ ከካምፕ በሦስተኛው ቀን አመጣሁት አሉኝ። እርስዎ ራስዎ ከዚህ መሬት የሚነሣው በሣጥን ነው ብለውኛል። ጌታዬ፣ እኛ የኳስ ክለብ ነን፤ ሣጥን አንጠብቅም። ሌሎቹም ክለቦች ቢሆኑ የሰሙት ይህንኑ ነው።»

የኮርቢትን ሰው ያኔ ባያችሁት። ፓስተር ኖልት ጣሪያውን ያያል። ፒትሪ ቆቦቹን በቀለም ይደረድራል። ቬርና «እኔ እንኳ እንዲያው ለጨዋታ...» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። ማርሊስ «ላሞግሰው ብዬ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ከልቧም ነበር፤ ምስኪን። ብራንትሊ ተነሣና «አንድ ሰው እንኳ እኔን ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለ። አባቱ በልማድ «ልጁ ዓይን አፋር...» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

«እንግዲህ ስልኩን ከያዛችሁ» አለ ድምፁ፣ «ሮይስ ስታኪን ወዲህ በሉልኝ። ስልኩን አያነሣም። ተራችን ሊደርስ ጥቂት ክለቦች ናቸው የቀሩት፤ እመጣለሁ የሚለውን ቃሉን ከራሱ ካልሰማሁ ስሙን አላስገባም።»

«የኛን ሮይስ?» አለች ቬርና።

የኛ! ከአምስት ዓመት የቀዘቀዘ ቡና በኋላ ልጄ በአንድ ትንፋሽ የኛ ሆነ። በዚህ ለመናደድ ጊዜ የለኝም። «ጊል፣ ስልኩን ይዘህ ተከተለኝ፤ እንዳትዘጋው!» ብዬ ሮጥኩ። ጊል ተከተለኝ፤ ጊል ስለሮጠ ምክር ቤቱ ሮጠ፤ ምክር ቤቱ ስለሮጠ ሕዝቡ ሮጠ። አውቶቡሱን ሳስነሣ ግማሽ ኮርቢት ላዬ ላይ ተጭኗል፤ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ። ጋጋሪዋ የክሬም መጭመቂያዋን እንደያዘች ገብታለች። ጊል ስልኩን በሁለት እጁ ወደ ላይ አንሥቶ «አሉ ሚስተር ፔንድሪ? አሉ?» ይላል። በየመታጠፊያው ፓስተሩ ይጸልያል። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የቁም ምልክት ጥሼ አለፍኩ፤ የፖሊስ አዛዡ ከኋላዬ ተቀምጦ «ንጂው!» አለኝ።

ጎተራው ደርሰን ወደ ጉድጓዱ ስንጮህ ሮይስ መሰላሉን ወጥቶ ብቅ አለ። ከራሱ እስከ እግሩ የስንዴ ትቢያ ነው፤ ከዓይኑ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። የቆመውን ሕዝብ አየና አካፋውን አጥብቆ ያዘ። ሊደበድቡት የመጡ ነው የመሰለው፤ ምን ይፈረድበታል?

ጊል ስልኩን ዘረጋለት። «ክለቡ ነው» አለ በደከመ ድምፅ።

«ሮይስ» አለ ፔንድሪ፣ «ካንተ በፊት ሁለት ስም ነው የቀረው። ብጠራህ ትመጣለህ?»

ልጄ አፉን ከፈተ። ያየሁት ደስታ እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝና ደስታው ወረደ።

«ሚስተር ፔንድሪ፣ አክስቴ ብቻዋን ናት። ማንም የላትም። ትንሽ ላስብበት?»

«ማሰቢያ የለንም ልጄ። የሚይዘው የለም ስለተባልኩ ነው ስምህን ያቀረብኩት።»

«ማነው የሚይዘው የለም ያለዎት?»

የኮርቢት ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ከነሱ አንዱ ይናገራል ብዬ ብጠብቅ ኖሮ ተራው ባለፈ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ?»

«አዎ እኔ። ማን ሊይዝህ ኖሯል? እኔ? ዕድሜህ ስንት ነው አንተ? ይኸው በየሐሙሱ እየመጣህ ማቀዝቀዣዬን ታራቁታለህ። ክፍልህን ደግሞ እፈልገዋለሁ። የልብስ ስፌት መኪናዬን ላስገባበት ነው።»

«የልብስ ስፌት መኪና?»

«የልብስ ስፌት መኪና! ለሰው መስፋት ልጀምር ነው። አልጋህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ፤ ፓስተሩን ጠይቀው።»

ፓስተር ኖልትን አየሁት። በሕይወቱ ሰው የሚጠቅም ውሸት ዋሽቶ አያውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ራሱን ነቀነቀ። እግዜር ይስጠው።

ሮይስ አየኝ። በፊቱ ትቢያ ላይ ሁለት መስመር ወርዷል። ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ «እመጣለሁ» አለ።

ብዙም አልቆየ፤ ስሙ ተጠራ። በጊል ስልክ ውስጥ ሆኖ ከሩቅ ነው የሰማነው፣ ዘጠነኛው ዙር፣ ሮይስ ስታኪ፣ ተቀባይ፣ ኮርቢት ካንሳስ። የቀዝቃዛ ቡና ባለቤት ቬርና መጀመሪያ አቀፈችው፤ ልብሷ ሁሉ ትቢያ ሆነ። ፒትሪ «ይሄን ልጅ እኮ ከሕፃንነቱ ኮትኩቼ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» አለ። ማንም አልሳቀም፤ ከምሩ ስለሆነ። ብራንትሊ ብቻ አጠገቡ መጥቶ እጁን ዘረጋለትና «ክረምቱን ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ኳሴን ስለተቀበልክልኝ አመሰግናለሁ» አለው። ሮይስም አንገቱን ይዞ ወደ ራሱ ሳበው።

ጂምናዚየሙ ስንመለስ ጋጋሪዋ ባዶውን ቦታ በክለቡ ስም ሞላችው። ከታች «ብራንትሊ» የሚለውን ግን መፋቅ አልተቻለም፤ የስኳር ፊደል ነው፣ ደርቋል። ስለዚህ «እና ሮይስ» ብላ በጎን ጨመረችበት፤ ቦታ ስላነሳት የስሙ ጭራ ወደ ጠረጴዛው ጨርቅ ወረደ።

ልጄ ከሄደ እነሆ አራተኛ ወሩ ነው። የውሃ ጋኑን ያ የሃስኬት ቀቢ እንደገና መጥቶ እያፏጨ ቀባው፤ አሁን «የሮይስ ስታኪ አገር» ይላል፤ ዝናብ ሲመታው ከሥር ኦስትራንደር ብቅ ይላል። ብራንትሊ ቤቱ አጠገብ ያለውን ትቶ ሁለት ግዛት አልፎ ካለ ኮሌጅ ገባ፤ ልብሱን ራሱ ያጥባል አሉ፤ ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኗል። ፓስተር ኖልት ባለፈው እሑድ ስለ አብርሃም ከአገሩ መውጣት ሰበከ። በኮርቢት መድረክ ላይ ይህ ምዕራፍ ሲነበብ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስካሁን መጽሐፉ ለኛ የሚጀምረው አብርሃም ከደረሰ በኋላ ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። ውሸት ነው፤ ደህና አይደለሁም። ሐሙስ ማታ ሁለት ሳሕን አወጣና አንዱን እመልሳለሁ። ማቀዝቀዣው ሞልቷል፤ የሚበላው የለም። ትናንት በረዶ ጣለ፤ የአውቶቡሱን መስተዋት ስፍቅ እጄ ደነዘዘና እዚያው ቆሜ ልጄን ስሙን ጠራሁት።

ማታ ደወለ። ዱላ መምታቱ አስቸግሮት ነበር፤ አሁን ተሻሽሏል። አሠልጣኙ እጁን ወዶለታል። ፍሎሪዳ እንሽላሊት አልጋ ላይ ይወጣል።

«አንቺስ አክስቴ? ስፌቱ እንዴት ነው?»

«ሥራ በዝቶብኛል» አልኩት። «የቬርናን መጋረጃ እየሰፋሁ ነው።»

«ጎበዝ። በይ ገና ሲደርስ እመጣለሁ። የመጫወቻ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ክለቡ ሌላ እሰጥሃለሁ ቢለኝ አክስቴ በመኪናዋ ትሰፋዋለች ብዬ አስቀምጬልሻለሁ። ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስትሰፊ አይሻለሁ።»

«ና» አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ክፍሉን ከፈትኩ። አልጋው አንጥፌ እንደተውኩት ነው፤ አሮጌ ጓንቱ ትራሱ ላይ አለ። ነገ ከሥራ በኋላ ሃስኬት እሄዳለሁ፤ እዚህ ከገዛሁ ወሬው በማግሥቱ ፍሎሪዳ ይደርሳል። የልብስ ስፌት መኪና በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም፤ እስከ ገና መማር አለብኝ።